ሊማሊሞ፦ የአንድ በር ታሪክ

በጎንደር መናኸሪያ ቅጥቅጡ ሞልቶ እስኪነሳ ረዳቱ መግቢያው ላይ ተንጠልጥሎ «ዳባት፣ ደባርቅ! ዳባት፣ ደባርቅ!» እያለ ይጣራል። ጣሪያው ላይ የሳሙና ካርቶን፣ ባዶ ጀሪካንና በገመድ የተጠፈረ ፍራሽ ተጭኗል። ጊዜው መስከረም ነው፤ ክረምቱ ገና ሙሉ በሙሉ አልወጣም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ጉዟቸው ከደባርቅ አልፎ ወደ አዲአርቃይ ነው።

«ልጄ፣ አንተም ትወርዳለህ?» አሉኝ።

«የለም እማማ፣ እኔ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ነኝ።»

«በሩ ክፍት ነው ብለውኛል። እንግዲህ እሱ በሰላም ያሳልፈን።»

አማርኛ በተራሮች መሐል ላለ ማለፊያ የሰጠው ስም ይኸው ነው፤ በር። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር አለ፤ ከጎንደር በስተደቡብ ቁልቋል በር አለ፤ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሳንቃ በር አለ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ያወቁት ነገር ነበር። በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ጠባቂም ይፈልጋል። ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ፣ ከዚያም በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ተከዜ፣ ወደ ሽሬ፣ ወደ አክሱምና ወደ አስመራ የሚዘልቀው የዚህ መንገድ ታሪክም የአንድ በር መከፈትና መዘጋት ታሪክ ነው።

«ጣሊያን የሠራው መንገድ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን የእውነቱን ሩብ እንኳ አይነግረንም። ከጣሊያን በፊት መንገዱን የረገጡት፣ ከጣሊያን በኋላም ክረምት በመጣ ቁጥር ከናዳ ያወጡት እነማን እንደሆኑ አይናገርም።

ጀርባውን ይዞ

ከጎንደር እንደወጣን መጀመሪያ ወለቃ ትመጣለች፤ የቤተ እስራኤል መንደር የነበረችው፣ በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀው። ከዚያ መንገዱ ወደ ኮሶዬ ይወጣል። በስተግራ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ቆላው ከሩቅ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ቀጥሎ የወገራ ሜዳ ነው፦ ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ድንች። አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ በመጨረሻም ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደባርቅ።

ካርታ ዘርግቶ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በዚህ ሁሉ ርቀት መንገዱ ትልቅ ወንዝ አይሻገርም። የሚሄደው የወገራን ጀርባ ይዞ ነው። በግራው የዘነበው ዝናብ ወደ አንገረብ ይወርዳል፤ በቀኙ የዘነበው ወደ ተከዜ። ይህን መስመር የመረጠው መሐንዲስ አይደለም። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ከበጋ በቅሎና አህያ የሚነዳ ነጋዴ ወንዝ ሞልቶ እንዳያቆመው ከጀርባው ላይ መውረድ አልፈለገም። የእግር መንገዱ ጥንትም እዚያው ነበር፤ አስፋልቱ የተነጠፈው በእሱ ፈለግ ነው።

አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ካደረጉ በኋላ ይህ ጀርባ የመንግሥቱ የደም ሥር ሆነ። ከምጽዋ የሚመጣው ጨርቅ፣ ዶቃና ቁንዶ በርበሬ በአድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ሊማሊሞን ይወጣል። ከጎንደር ደግሞ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ በዚያው ጎዳና ላይ በሰንሰለት የሚነዱ ባሪያዎችም ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ይህንን የመጨረሻውን ሳይጠቅሱ የሲራራ ንግድን ማወደስ አይገባም። የመንገዱ ትዝታ የቅቤና የማር ብቻ አይደለም።

ዳባት ላይ ቅጥቅጡ ይቆማል። ቆሎና የተቀቀለ ድንች የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከባሉ። ዳባት ለመንገደኛ ሻይ የሚጠጣባት ከተማ ብትመስልም በጤና ምርምር ዓለም ስሟ የታወቀ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በወረዳው የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ሕመም ለዓመታት የሚከታተልበት ማዕከል አለው። ምርምሩ በዚህ ወረዳ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት መንገዱ ይመስለኛል። ሐኪሙም ተማሪውም መድኃኒቱም ከጎንደር የሚመጣው በዚሁ ነው።

አፋፉ

ከደባርቅ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን መሬቱ ያልቃል። ሌላ ቃል የለኝም፤ ያልቃል። ደጋው በቢላ የተቆረጠ ያህል ያከትምና ከፊታችን ባዶ ሰማይ ይሆናል። ከታች ሾጣጣ አምባዎች፣ ጣት የሚመስሉ ቋጥኞች፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ እየገረጣ እስከ ተከዜ ሸለቆ ይደረደራሉ። የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጀመረ የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። የቀለጠ ድንጋይ ንብርብር በንብርብር ፈስሶ ከረጋ በኋላ ዝናብና ወንዝ ጠርዙን ሲበላው ኖረ። ሊማሊሞ የዚያ የተበላ ጠርዝ አንዱ ስንጥቅ ነው፤ ሰውና ከብት ሊወርድበት የሚችል ስንጥቅ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1770 ከምጽዋ ተነስቶ ወደ ጎንደር ሲሄድ ያለፈው በዚህ ነው፤ በመጽሐፉም ሊማሊሞን በስሟ ጠቅሷታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1832 ስሜንን ዞሮ አይቶ ዋልያን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒዬ እ.ኤ.አ. በ1841 ራስ ደጀን ላይ ወጡ፤ በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው መውጣት የእነሱ ነው። ከእነሱ በፊት በጎቹን እየነዳ የወጣው እረኛ ማስታወሻ አልያዘም።

ለአገሬው ገዥዎች በሩ የሥልጣን ጉዳይ ነበር። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን አጣምረው ሲገዙ የሁለቱ አገር ማያያዣ ይህ ቁልቁለት ነበር። ውቤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ሊነግሡባት አስበው እንደነበር ይነገራል። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሲሆኑ ግን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት አሸናፊያቸው ካሳ ኃይሉ ሆኑ፤ ስማቸውም ዳግማዊ ቴዎድሮስ። ደረስጌ ከዋናው ጎዳና ወጣ ብላ በተራሮቹ ውስጥ ትገኛለች። ቢሆንም ስሜንን ያልያዘ በሩን፣ በሩን ያልያዘ ሰሜኑን እንደማይገዛ ያ ጦርነት አሳይቷል።

የመኪና መንገድ ከመሠራቱ በፊት በዚህ አገር ካለፉት የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱ የልዑል ራስ እምሩ ነበር። ከጎጃም ተነስተው፣ ከጎንደር ጦር ከእነ አያሌው ብሩ ጋር ሆነው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻገሩ። ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ከሞላ ጎደል በነፍጥና በጎራዴ ብቻ ገጠሟቸው፤ አሸነፏቸውም። የጠላት አውሮፕላን ከላይ እየደበደበ ያንን ሁሉ ርቀት በእግሩ የተጓዘው ሰው ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ሚስቱ እንስራ አዝላ ተከትላው እንደነበር ማሰብ ይገባል።

ድማሚትና ድንጋይ

የፋሺስቱ አኪሌ ስታራቼ የመኪና ሰልፍ ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የመጣው ግን በሊማሊሞ አልነበረም፤ ከምዕራብ፣ ከሰቲት በኩል ነው። ሊማሊሞ ገና መኪና አያስወጣም ነበርና።

ጣሊያኖች ጎንደርን «የአማራ ግዛት» ላሉት አስተዳደር መቀመጫ አደረጉ። መቀመጫው ደግሞ ከምጽዋ ወደብና ከአስመራ ዱቄት፣ ጥይትና ነዳጅ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የሲራራውን መንገድ መኪና እንዲሄድበት ማድረግ ነበረባቸው። ከኢጣሊያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጋዙ፤ ከእነሱ ጎን ኤርትራዊው፣ የመናዊው፣ የአገሬው ሰው ድንጋይ ፈለጠ። ዋጋው እኩል አልነበረም። የቅኝ ግዛቱ ሥርዓት ለነጭ ሌላ፣ ለጥቁር ሌላ ደመወዝ የሚከፍል ነበር።

የቁልቁለቱ ችግር በስሌት ሲታይ ቀላል ይመስላል። 1,000 ሜትር ወደ ታች መውረድ አለብህ። ጭነት መኪና ሳይንሸራተት የሚወርድበት ተዳፋት በ100 ሜትር 7 ሜትር ያህል ነው ብንል መንገዱ ቢያንስ 14 ኪሎ ሜትር መርዘም አለበት። ቦታው ግን ገደል ነው፤ ቀጥታ 14 ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፍራ የለም። መፍትሔው መንገዱን እንደ ተጣጠፈ ገመድ ገደሉ ላይ ማንጠፍ ነው። ወደ ግራ ሄዶ መታጠፍ፣ ወደ ቀኝ ተመልሶ መታጠፍ፣ እያንዳንዷን መጠምዘዣ ከላይ ከቋጥኙ ቆርጦ ከታች በድንጋይ ካብ ደግፎ ማቆም። ሊማሊሞ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው አንዱን መንገድ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሞ ያየዋል፤ መኪናዋም ስትወርድ እየታየች እየጠፋች ነው።

የመንገዱ አካል ራሱ የቆየ ጥበብ ውጤት ነው። ከታች ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላዩ አነስ ያለ፣ ከሁሉ በላይ የተፈጨ ጠጠር፤ መካከሉ ከፍ ብሎ ውኃውን ወደ ሁለት ቦይ የሚያፈስስ። ይህን ሥርዓት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መልክ ካስያዙት አንዱ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ትሬዛጌ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ማክአዳም ደግሞ ኋላ አቅልሎ ዓለም አዳረሰው። ሊማሊሞ የአውሮፓን ተራሮች ጥበብ ለበሰች ቢባል ያስኬዳል። ድንጋዩ ግን የስሜን ነው፤ የፈለጠው ክንድም በአብዛኛው የዚሁ አህጉር ነው።

አንደበታችንም መንገዱን ተሸክሞታል። መኪና፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎሚስታ ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው፤ ሹፌርና ጋራዥ ከፈረንሳይ። የደባርቅ ሹፌር «በከባድ ማርሽ ነው የሚወረደው» ሲል የሁለት አገር ቃል በአንድ አማርኛ ዓረፍተ ነገር አስሮ ነው። ትርጉሙም የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሳያቋርጥ የሚረግጥ ሰው ብረቱን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ከአፋፉ ላይ፣ ገና ሳይወርድ፣ ሹፌሩ ማርሹን ከባድ ያደርጋል፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ያወርደዋል። አሮጌዎቹን ፊያቶች፣ በተለይ «ኤን ትሬ» የሚባለውን፣ ሲነዱ የኖሩት አዛውንቶች ይህን ያውቁ የነበረው ሰው አስተምሯቸው ሳይሆን ያላወቁት ጓደኞቻቸው ገደሉ ሥር ስለቀሩ ነው።

የተዘጋው በር

መንገዱን ለወረራ የሠራው ኃይል የመጨረሻ ምሽጉን ያደረገው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች በኋላ የጣሊያኑ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ በጎንደር ዙሪያ ተከላክሎ ለመቆየት ቆረጠ። ከደቡብ የሚመጣውን በቁልቋል በር፣ ከሰሜን የሚመጣውን በወልከፊት ዘጋ። ወልከፊት ከደባርቅ ወዲያ፣ የሊማሊሞ አናት ነው። በኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ የሚመራው ጦር አፋፉ ላይ መድፍ ተክሎ ከአስመራ የሚመጣውን የእንግሊዝ ሠራዊት አላሳልፍ አለ። ጥቂት ሰው ከላይ ሆኖ መጠምዘዣዎቹን ከያዘ ከታች የሚመጣ ሺህ ሰው ቢሆን ማለፊያ የለውም።

በሩን ያስከፈተው ረሃብ ነው። አርበኞች በወገራ በኩል፣ ከምሽጉ ጀርባ፣ መንገዱን ቆርጠው ስንቅ እንዳይደርሰው አደረጉ። በእነዚህ አገሮች አርበኝነት በዚያ ክረምት የተጀመረ አልነበረም። እንደ አሞራው ውብነህ ያሉ የአርማጭሆ ጀግኖች አምስቱን ዓመት ሙሉ ጠላትን ከጎንደር ከተማ ብዙም እንዳይርቅ አድርገው ይዘውት ነበር። የወገራን ጀርባ የያዘው የአገሬው ሰው ስለሆነ፣ የእንግሊዝ አውሮፕላን ከላይ፣ አርበኛው ከኋላ፣ መደበኛው ጦር ከፊት ሆነው ወራት ከቆየ ከበባ በኋላ 3 ሺህ ገደማ ሰው የነበረው ምሽግ መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ቁልቋል በር ኅዳር 12 ወደቀ። ጎንደር ኅዳር 18። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የነበራት ግዛት ያን ዕለት አበቃ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ የደመራው አመድ ገና ሳይበርድ፣ ያ ቀን ይመጣል። በአፋፉ ቆሜ ስመለከት በሣር የተሸፈኑ የካብ ፍራሾች እዚህም እዚያም ይታያሉ። ሰው ሳያቆም ያልፋቸዋል። የአምስቱን ዓመት ድል በአድዋ ልክ ባናከብረው እንኳ፣ ከሊማሊሞ አናት ላይ የቆመ ልጅ እግሩ የረገጠውን መሬት ማን እንዳስለቀቀው ሊያውቅ ይገባል።

ብሔራዊ መንገድ

ፈረንሳዮች «ብሔራዊ መንገድ» የሚል የቆየ ማዕረግ አላቸው። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1811 ባወጣው አዋጅ የአገሪቱን ዋና ዋና ጎዳናዎች 229 አድርጎ ቁጥር ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ መንግሥት 18 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህሉን ለአውራጃ አስተዳደሮች አስረከበ። ቁጥሩ ተቀየረ፤ ምልክቱ ተነቀለ፤ መንገዱ ግን እዚያው ነው። እዚያ አንድ መንገድ «የቀድሞ ብሔራዊ መንገድ» የሚሆነው በወረቀት ነው።

የእኛ መንገድ ማዕረጉን ያገኘውም ያጣውም በሌላ ሁኔታ ነው። ከነፃነት በኋላ ጣሊያን ትቶት የሄደው መንገድ ጠጋኝ አጥቶ በክረምት ጎርፍ መበላት ጀመረ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። ባንኩ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ይህ ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው አዲስ መንገድ ለመቁረጥ ሳይሆን ያለውን ከመጥፋት ለማዳን ነበር፤ በውስጡ ትልቅ ትምህርት አለው። መሥራት አንድ ጊዜ ነው፤ ማቆየት ግን በየዓመቱ።

ለጥቂት አሥርት ዓመታት በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከአስመራ የተነሳ አውቶቡስ በአክሱምና በሽሬ አልፎ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ያድር ነበር። ከቆላው ሰሊጥና ማሽላ ይወጣል፤ ከደጋው ገብስና ባቄላ ይወርዳል። በደባርቅ ሆቴሎች ትግርኛና አማርኛ በአንድ ትሪ ላይ ይበላሉ። ከዚያ በሮቹ አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአስመራው ጫፍ ተቆረጠ። በመስከረም 2011 ዛላምበሳ ላይ ለአጭር ጊዜ የተገናኙት ቤተሰቦች እንባ ገና ሳይደርቅ ድንበሩ ዳግም ተዘጋ።

ከሁሉ የከፋው ከቤት ውስጥ የመጣው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በሽሬ መስመር ያለው የተከዜ ድልድይ ተሰበረ። በነሐሴ ጦርነቱ እስከ ደባርቅና ዳባት ዙሪያ ደረሰ፤ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በማይ ጸብሪ አካባቢ በማይ ዓይኒና በአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች እንደገና ስደተኛ ሆነው በዚሁ ዳገት ወደ ዳባት፣ ዓለም ዋጭ ወደተባለው መጠለያ መጡ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። በዚህ መስመር የሚኖር ሰው ግን መንገድ የሚከፈተው በፊርማ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። አስፋልቱ ላይ ማንም ባይቆምም የሚፈራ ሰው አይጓዝም፤ የማይጓዝ ሰው ደግሞ አይነግድም፣ አይጋባም፣ አይታከምም።

«የቀድሞ ብሔራዊ መንገድ» የሚለው ቃል ለእኛ ትርጉሙ ይህ ነው። ቁጥሩ ወይም ምልክቱ ይጠፋል ብዬ አልሰጋም፤ የምሰጋው ሁለቱ ጫፎቹ እንዳይተዋወቁ ነው። ከጎንደር አክሱም ድረስ ዘመድ የነበረው ሕዝብ በሩ ተዘግቶ በቆየ መጠን ልጆቹ እርስ በርስ በወሬ ብቻ ይተዋወቃሉ። ያን የመተዋወቂያ መንገድ በአስፋልት መልሰን ማግኘት አንችልም።

መንገድ ሲያሳምም

መንገድ ሁሉ በጎ ነው ማለቴ አይደለም። ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ ናት። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ ተባለ። ዋልያና ቀይ ቀበሮ እየተመናመኑ ነበር፤ ግጦሽና እርሻ ወደ ውስጥ እየገፋ ነበር፤ ከሥጋቶቹ አንዱም ከደባርቅ ተነስቶ ፓርኩን ሰንጥቆ ወደ ጃናሞራ የሚሄደው መንገድ ነበር።

የጃናሞራ ሰው መንገድ ሳይኖረው ይኑር ማለት አይቻልም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ቧሂትን ትሻገር ማለትም አይቻልም። መፍትሔ ተብሎ የቀረበው ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ሌላ መንገድ መሥራት ነው። ግጭ የሚባለው መንደር ነዋሪዎችም ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ሊማሊሞ ራሷም ዛሬ የተስፋፋው ፓርክ አካል ናት። በጠዋት የጭላዳ መንጋ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱ ዳር ሣር ይነጫል። ሲኖትራኩ ጥሩምባ ሲነፋ ቀና ይሉና ተመልሰው ወደ ሣራቸው።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ። መንገድ የት እንደሚያልፍ መወሰን ማን እንደሚኖር መወሰን ነው። ስለዚህ መንገዱ ሲቀየስ የሚጠየቀው ሰው ከዋና ከተማ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ቦዩ

አፋፉ ላይ ወረድሁ። እማማ በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ፤ ጋቢያቸው አሁንም አፍንጫቸው ላይ ነው። ታች ሲደርሱ ያወልቁታል። በ1,000 ሜትር ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ጋቢ የሚለበስበት ደጋ አብቅቶ ቆላው የሚጀምረው በዚሁ ነው። በተቃራኒው ከታች የሚመጡት በነጠላ ወጥተው አፋፉ ላይ ሲደርሱ ይንቀጠቀጣሉ።

ጭጋጉ ከሥር እየተነሳ መጠምዘዣዎቹን አንድ በአንድ ዋጠ። ሌሊት ዘንቧል። ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ አካፋ ይዘው ቦይ ይጠርጋሉ። በጎርፍ የመጣውን አፈርና ጠጠር እያወጡ ከገደሉ በኩል ይጥሉታል።

«እንደምን ዋሉ አባባ። በርቱ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አብረን እንበርታ።»

የመንገድ ሥራ ተቀጣሪ መሆናቸውን ጠየቅኋቸው። እርሻቸው ከመንገዱ በታች ነው። ቦዩ ከተደፈነ ውኃው መንገዱን ይሻገራል፤ ከተሻገረ ካቡን ያላላዋል፤ ካቡ ከላላ መንገዱ ከነእርሻቸው ይሄዳል። በአካፋው ጫፍ እያሳዩ አስረዱኝ። መሐንዲስ ሦስት ገጽ የሚጽፍበትን ነገር በሦስት ምልክት።

ሙሶሊኒ ያስፈለጠው ድንጋይ፣ የዓለም ባንክ ያበደረው ገንዘብ፣ የየመንግሥቱ ግሬደር ሁሉ የተማመነው በዚህች ቦይ ነው። የመንገድ ጠላት ከመድፍ ይልቅ ውኃ ነው፤ ሰው በበጋ የሠራውን ውኃ በአንድ ክረምት ያፈርሰዋል። መንገድ ተመርቆ ሪባን ሲቆረጥ እናጨበጭባለን። ቦይ ለሚጠርግ ሰው ግን የሚያጨበጭብ የለም፤ በብዙ ቦታም የሚከፍለው የለም። በጥገና በጀት ላይ ስንቆጥብ የምንቆጥበው ከእሳቸው አካፋ ነው። የሕዝቦች መንገድም እንደዚሁ ይመስለኛል። ፊርማና ምረቃ ያስፈልጉታል፤ የሚያቆየው ግን በየጊዜው የሚከማቸውን ደለል ማንም ሳያዝዘው የሚያወጣ ሰው ነው።

ቁራጭ ድንጋይ አንስቼ አገዝኋቸው። ቦዩ ሲከፈት የታቆረው ውኃ ለቅጽበት ቆየና ጎርፎ በመንገዱ ሥር ባለው አሮጌ የድንጋይ ቱቦ ገባ። አሁንም ይሠራል። አባባ አካፋቸውን ተደግፈው አዳመጡት።

ከጭጋጉ ውስጥ፣ ከሦስተኛው መጠምዘዣ ይሁን ከአራተኛው፣ የቅጥቅጡ ጥሩምባ ተሰማ። ከዚያ ከዝቅ ያለ ስፍራ ደግሞ ሌላ ጥሩምባ መለሰ፤ የሚወጣ መኪና። አንዱ ዳር ይዞ ሌላውን ሊያሳልፈው ነው።